ሙዚቃ ከመሃል አይጀመርም

ልብስ ሰፊው ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ፍለጋ አራት ሱቅ ዞረ። ታላቅ ወንድሙ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜ ልኩን ቴፑን አላስነካውም። "አንተ ጆሮህ ቆርቆሮ ነው! ሙዚቃ ከመሃል አይጀመርም!" እያለ ዘፈኑን ወደ መጀመሪያው ይመልስበት ነበር።

"ይሄ ገመድ አልባ ነው" አለው ሻጩ። "ከጆሮህ ስታወልቀው ዘፈኑ ራሱ ይቆማል፣ ስታደርገው ይቀጥላል። ጆሮ ያውቃል።"

"ከወንድሜ ይሻላል በለኛ!" አለና ገዛው።

ብቻውን ወደሚኖርበት ቤት ገብቶ በሩን ቆለፈና ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገው። የዘፋኙ ትንፋሽ ሳይቀር ተሰማው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ቆርቆሮ ማን እንደሆነ ምነው በሰማ! ዘፈኑ ሳያልቅ ማዳመጫውን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ፣ ስልኩን በኪሱ እንደያዘ ሽንት ቤት ገባ።

እጁን ታጥቦ ስልኩን ሲያወጣ፣ ስክሪኑ ላይ ዘፈኑ እየሄደ ነው።

"የተረገመ ዕቃ፣ ጠረጴዛውን ጆሮ አደረገው" ብሎ አጉረመረመ።

ደቂቃውን አየ። ዘፈኑ ከመጀመሪያው ነው የተነሳው።

የሽንት ቤቱ መስኮት ከእጅ በላይ አያሳልፍም፤ መውጫው ማዳመጫው ባለበት ክፍል በኩል ብቻ ነው። በጣቱ ዘፈኑን ወደ መሃል ገፋው።

ዘፈኑ ቀስ ብሎ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ።