የተጨበጠው እጅ

«አሁን ደግሞ አንጓውን አዞርከው» ይላል ቱሉ።

አዙሬዋለሁ። ቱሉ ግን የተቀመጠው ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ፣ ወደ መካኒሳ አቦ መልሶ ነው። ሞተሩን ገና አላስነሳሁም፤ ለፋብሪካው የሠራሁትን የብረት ክንድ መገጣጠሚያዎች ድምፅ ሳላሰማ በእጄ ነው የማዞረው።

«ማን ነገረህ?»

«ማን ይነግረኛል? ይሰማኛላ!» ብሎ ባዶ እጅጌውን ያሳየኛል።

ቀለም የተሞላ ቆርቆሮ የሚያነሳ የብረት ክንድ ሥራ ስባል የለካሁት የእሱን ቀኝ ክንድ ነበር፤ በፋብሪካው እንደ እሱ ቆርቆሮ የሚያነሳ አልነበረም። ከትከሻ እስከ ክርን፣ ከክርን እስከ አንጓ፣ ጣቶቹም ሳይቀሩ። «ኮት ልታሰፋልኝ ነው እንዴ?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። በኅዳር ያንኑ ክንዱን የቀለም መፍጫው ወሰደው።

ዛሬ ከላፍቶ ድረስ በእግሩ የመጣው ሊለምነኝ ነው። የሌለው እጁ እንደተጨበጠ ቀርቷል። ጥፍሮቹ መዳፉን እየወጉ እንቅልፍ ነስተውታል። ሐኪሙ «የሌለ እጅ አያምም» ብሎ ሸኝቶታል፤ ሚስቱ አማከለች ጠበል አስጠምቃዋለች።

«ያንተ ብረት ጣት አለው» ይለኛል። «እስቲ ፍታልኝ፣ ወንድሜ ምትኩ።»

ሰው እንዳይስቅብኝ በሩን እዘጋለሁ። የብረት ጣቶቹን የሚስበው ሽቦ በክርኑና በአንጓው ውስጥ ያልፋል፤ አንዱ ሲታጠፍ ሌላው ይወጠራል። ስለዚህ ሒሳቡን ከመጨረሻው እጀምራለሁ። መዳፉ እንዲከፈት አንጓው ስንት ዲግሪ ይዙር? አንጓው እንዲያ እንዲዞር ክርኑ ስንት ይታጠፍ? ትከሻውስ?

ቁጥሮቹን ይዤ ትከሻውን አነሳለሁ። ክርኑን አጥፋለሁ።

«ቀስ» ይላል ቱሉ።

አንጓውን አዞራለሁ። የብረት ጣቶቹ አንድ በአንድ ይላቀቃሉ።

«ተከፈተ» ይላል ቱሉ። «መዳፌን ነፋስ ነካው።»

ወዲያው ግንባሩን መስኮቱ ላይ አስደግፎ እንቅልፍ ይዞት ይሄዳል። በዕድሜዬ ብዙ ሒሳብ ሠርቻለሁ፤ እንደዚህ ደስ ያለኝ ግን የለም።

በሩ ይከፈታል። የፋብሪካው ባለቤት፣ ፈረንጁ ሙሴ ናቸው፤ ከኋላቸው ሱፍ የለበሱ እንግዶች አስከትለዋል።

«ምትኩ! ማሽን አለቀ?»

«ትንሽ ይቆዩልኝ፣ ሙሴ። ሰው ተኝቷል።»

ቱሉን አይተው ከት ብለው ይስቃሉ። «ለዚህ አይደለም የሠራነው? ማሽን ቀንም ሌሊትም ይሠራል፤ ሰው ይተኛ!»

ሳልደርስባቸው ማብሪያውን ይጫናሉ። ሞተሩ ያጓራል። የብረቱ ክንድ ይወርዳል፣ ከሥሩ የተቀመጠውን የቀለም ቆርቆሮ ጥብቅ አድርጎ ይይዛል፣ ያነሳል። እንግዶቹ ያጨበጭባሉ።

መስኮቱ ሥር የቱሉ ባዶ እጅጌ ቀስ እያለ ይነሳል፤ ጫፉም እንደሚጨበጥ እጅ ይጨማደዳል።