የማያልቀው የካርታ ጨዋታ

እሌኒ ከሆስፒታል የወጣች ሰሞን አባቷ በቴሌቪዥን የሚያዩት አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ልጆች በካርታ ጨዋታ ዓለምን የሚያድኑበት የጃፓን ካርቱን።

መምህር መርስዔ ኃዘን ዕድሜያቸውን ሙሉ ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ልጃቸው የሐሞት ጠጠሯን በቀዶ ሕክምና ስታስወጣ፣ ሊያስታምሟት ከቀየት ተነሥተው እሷ ወደምትኖርበት ወደ ዓለም ከተማ መጡ። ካርቱኑ የልጅ ልጃቸው የምስክር ነው። ምስክር የእሌኒ አንድ ልጅ ሲሆን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲያየው ኖሮ፣ ሐዋሳ ሥራ ይዞ ሲሄድ በፍላሽ ትቶላቸው ሄዷል።

ድሮ ምስክር ሲከፍተው «የሥራ ፈት ነገር» እያሉ ከሳሎን የሚወጡት አባቷ ነበሩ። አሁን ከጠዋት እስከ ማታ አይጠግቡትም። እሷንም ከጎናቸው ካላስቀመጡ ደስ አይላቸውም።

ድምፁን ደግሞ እስከ ጣሪያ ያደርሱታል።

«አባባ፣ ትንሽ ቀነስ ያድርጉት፤ ራሴን አመመኝ።»

«ጆሮዬ ደክሟል ልጄ።»

የግቢው በር ኮሽ ሲል ግን ቀድመው የሚነሡት እሳቸው ናቸው።

ስልኳንም ወስደውባታል። «ሐኪሙ ዕረፍት ብሏል» ብለው ከኮታቸው ኪስ ከተቱት፤ እንደገባ ቀረ። ለመከራከር አቅም አልነበራትም። የሆዷ ስፌት ስትነሣም ስትቀመጥም ይጎትታታል፤ ትንሽ ካወራች ላብ ያጠምቃታል።

«ምስክር አልደወለም?» አለቻቸው አንድ ከሰዓት።

«ደውሎ ነበር። ተኝተሽ ሳለ ነው።»

«ምን አለ?»

«ካርቱኑ የት ደረሰ አለ።»

ትናንትም ይህንኑ ነበር ያሏት፤ ቃል በቃል። ቀና ብላ አየቻቸው። ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ አልነቀሉም።

በማግስቱ ጎረቤቷ አዛለች መጣች። እሌኒ በመስኮት አየቻት። አባቷ በሩ ላይ ቆመው አንድ ነገር አሏት። አዛለች በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ተመለሰች።

«ምን ብለዋት ነው እንዲህ የከፋት?»

«ማን ናት እሷ?» አሉ ሲገቡ።

«አዛለች ናት እኮ። ባለፈው ምሳ አምጥታ የበሉላት።»

«እንዲያ ነው?» ብለው ተቀመጡና ቀጣዩን ክፍል ከፈቱ።

እሌኒ ያን ጊዜ ክፉኛ ጠረጠረች። እናቷ ከማረፏ በፊት ሰው መለየት አቅቷት ነበር፤ ያም የጀመረው እንዲሁ ነው። አሁን ደግሞ አባቷ። ገና ከአልጋ ሳትነሣ ሌላ ማስታመም ሊጀምራት ነው።

ሲደክማት ቀልድ ይቀላታል። ወረዳ ጽሕፈት ቤት ስለምትሠራ ግምገማ የለመደችው ነገር ነው።

«እስቲ ካርቱኑን እንገምግመው አባባ። ጠንካራ ጎኑ ምንድን ነው?»

አባቷ እንደ መምህር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የተሸነፈውን አይሳለቁበትም። ትናንት ጠላት የነበረው ዛሬ ተሸንፎ ወዳጅ ይሆናል። ይኼ ለልጅ ጥሩ ትምህርት ነው። ምስክር ሰው አያስቀይምም አይደል? ከዚህ የተማረው ይመስለኛል።»

«ደካማ ጎኑስ?»

«አንቺ ንገሪኝ።»

«ኧረ ብዙ ነው! አንዲት ካርታ ለመጣል ግማሽ ሰዓት ይናገራሉ። አንድ ጨዋታ ሦስት ክፍል ይፈጃል። ሊሸነፍ ሲል ደግሞ ማንም ያልሰማው ሕግ ከየት እንደሆነ ይመጣለታል። ስንት ዓመት ሙሉ ያው ልጅ ነው፤ ጸጉሩን ብቻ እየቀያየሩ። አያልቅም እኮ!»

«አለማለቁስ ባልከፋ» አሉ አባቷ።

«ዋናው ግን ሌላ ነው። የወደቀ ሁሉ ይነሣል። የጠፋው ካርታም፣ የሞተው ሰውም፣ ሁሉም ይመለሳል። እንግዲያ ምን ያስጨንቀኛል? የሚቀርበት ነገር የሌለው ሰው ጨዋታው ምኑ ነው?»

በስክሪኑ ላይ ልጁ ካርታውን ወደ ላይ አንሥቶ ይጮኻል።

«እውነትሽን ነው» አሉ መምህሩ። «ጉድለቱ እሱ ነው።» መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

በካርቱን የሚያለቅሱ የሰባ ዓመት ሽማግሌ! እሌኒ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ቤት ድረስ እየመጣ ቁስሏን የሚያጥብላት ነርሱ ፈንታ ነው። አባቷ ወደ ጓዳ ሲገቡ ጠብቃ ወደ እሱ ጠጋ አለች።

«አባቴ ልባቸው እየሸሸ ነው» አለችው በቀስታ። «ሰው አይለዩም፤ ያልሆነውን ሆነ ይሉኛል። እባክህ ቀየት ለወንድሜ ለቅጣው ደውልልኝ። ይምጣና ጠበል ይውሰዳቸው።»

ፈንታ ፋሻውን ሲጠቀልል ቀና አላለም።

«ይመጣል» አላት። «ብቻ ስፌቱ ይውጣ።»

ወንድሟ መምጣቱን ከስፌቷ ጋር ምን አገናኘው? ልትጠይቀው አሰበችና ደከማት።

ስፌቱ የወጣ ቀን አባቷ ቴሌቪዥኑን በጊዜ ዘጉ። ቤቱ ጸጥ ሲል እሌኒ ደነገጠች ማለት ይቻላል። መሶቡን አቅርበው እንደ ልጅነቷ በእጃቸው አጎረሷት። በቃኝ ብትልም አልሰሟትም።

«አንዴ ድገሚ። ለኔ ብለሽ።»

እሳቸው አልበሉም።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ የግቢው በር ተንኳኳ። እሌኒ ግድግዳ ይዛ ወጣች። አባቷ ጋቢያቸውን ተከናንበው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል፤ ያደሩበት ይመስላል።

ከፊት የቆመው ቅጣው ነው። ከጎኑ የንስሐ አባቷ አባ መልከ ጼዴቅ፣ ከኋላቸው የሰፈሩ ሽማግሌዎች፣ ከሁሉም ጀርባ አዛለች።

ለአንድ ሽማግሌ ይህን ያህል ሰው ምን ያደርጋል ብላ አባቷ አሳዘኗት። ሆኖም ሸክሟ የቀለላት መሰላት። ቅጣውን ልትስም ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እንዳትጮኹባቸው። ቀስ ብላችሁ ንገሯቸው፤ ምንም አያውቁም።»

አባ መልከ ጼዴቅ ክንዷን ያዙ።

«የምስክርን ነገር አባትሽ ከሰሙ ሰነበቱ ልጄ፤ የመጣነው ወዳንቺ ነው።»