አባ ሽውታ ሞተ

በአገሩ ሰው አፍ ሽማግሌውም ፈረሱም ስማቸው አንድ ነበር፤ አባ ሽውታ። ፈረሱ ሲጋልብ ጥላው እንኳ ደክሞት ኋላ ይቀራል ይባልለታል። በዚያ በልግ ሽማግሌው ጋጣውን ጠርጎ፣ አጥሩን ጠጋግኖ ሲመለስ ፈረሱን ለጋ ሣር ነፍቶት መስኩ ላይ ተዘርሮ አገኘው። አልቅሶ አልቅሶ ሲያበቃ አንድ ተንኮል ብልጭ አለለት።

«ይመኙሻል፣» አላት ጎረቤቱን፣ «ለልጄ ደውዪና አባ ሽውታ ሞተ በይው።»

«ያ ‹ሁለተኛ ዓይንዎን አላይም› ብሎ የሄደው? ኧረ ነውር ነው፣ አባ!»

«ምን ዋሸሁ? ይኸው ተዘርሮ የለም እንዴ!»

በማግስቱ ልጁ ከአስፋልቱ ጀምሮ «አባቴን! አባቴን!» እያለ፣ ደረቱን እየደቃ መጣ። ሽማግሌው በር ላይ ቆሞ እየሳቀ እጁን ዘረጋ።

«የሞተውስ ፈረሱ ነው፤ ና ሳመኝ ልጄ!»

ልጁ ባለበት ቆመ። እንባውን በእጅጌው ጠረገ።

«የእርስዎን ልቅሶ ዛሬ አልቅሼ ጨርሻለሁ፤ ሁለተኛ እንዳይጠሩኝ» አለና ቁልቁለቱን ተያያዘው።

«ቆይ! አንተ ልጅ፣ ቆይ እንጂ!»

ሽማግሌው ተንደርድሮ ቤት ገባ። ኮርቻውን ተሸክሞ ወጣና አባ ሽውታን ሊጭን ወደ መስኩ ሮጠ።