የዳክዬዋ ዝምታ

«ዳክዬዋ አራት ሰከንድ ሙሉ ዝም ስትል ልጆቹ ተነስተው ይሄዳሉ እኮ፤ ሁለት ይበቃታል» አለ የካርቱኑ ዳይሬክተር፣ ወደ ሎርና ጆሮ ጠጋ ብሎ። የካርቱኑን ዘፈኖች የደረሰችው ሎርና ነበረች፤ ልጆቹ እንዲመልሱ ከዳክዬዋ ጥያቄ በኋላ ዝምታውን ያስገባችውም እሷው። «ምን አጣደፈህ? መጀመሪያ እንይ» አለችው። እሱ ግን ወረቀቱ ላይ ያለውን አራት ቁጥር ሰርዞ ከጎኑ ሁለት ጻፈ።

ዊኒፔግ ከተማ፣ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ፣ ካርቱኑ ለሙከራ በሚታይበት ክፍል፣ ዳክዬዋ ዘፈኗን አቋረጠችና አንገቷን ዘንበል አድርጋ ጠየቀች፦ «ዝናቡ ጣራ ላይ ሲወርድ ምን ይላል?» ዝም አለች። ምንጣፉ ላይ የተኮለኮሉት ልጆች «ጠብ! ጠብ! ጠብ!» እያሉ ክፍሉን አናጉት። ጩኸቱ ወዲያው በረደ፤ ዳክዬዋ ግን አሁንም ዐይኗን እያርገበገበች ትጠብቃለች። ዳይሬክተሩ ሁለት ጣቱን ለሎርና ቀሰረላት። እሷ አላየችውም። ዐይኗ ጥግ ላይ ከተቀመጠች፣ ከጠዋት ጀምሮ ድምጿ ካልተሰማ አንዲት ሚጢጢ ልጅ ላይ ነበር። ልጅቷ ጉልበቷን በጣቷ አንዴ መታ አደረገች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«ጠብ» አለች፣ ለራሷ ያህል።

«ልክ ነው!» አለች ዳክዬዋ፣ ዘፈኑም ቀጠለ። ልጅቷ አጠገቧ ያለውን ልጅ በክርኗ ጎሸም አደረገችው። «አየህ? ጠበቀችኝ!»

ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገና ወረቀቱ ላይ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ጫር ጫር አደረገ። ከዚያ ሎርናን ቀና ብሎ ሳያያት ወረቀቱን አቀበላት። ሁለት ቁጥሩም ተሰርዞ ነበር፤ ከጎኑ አምስት ተጽፏል።