ሐምራዊዋ ፊኛ

ኤቦ ዴዴን በደላት። ጠላቱ ብትሆን ደግ ነበር፤ ወዳጁ ናት። አንደኛ ዓመት ሳሉ ፍላሹ ጠፍቶበት የሴሚስተር ሥራው ሁሉ ውሃ ሲበላው፣ ሳምንት ሙሉ በየወንበሩ ሥር እየተንበረከከች አብራው የፈለገች እሷ ነች። ከወዳጁ የሚሰርቅ ሰው ሁለቴ ይሰርቃል።

አሁን ሁለቱም አራተኛ ዓመት ናቸው። ኩማሲ ያለው የዩኒቨርሲቲያቸው የኮምፒውተር ክበብ ለማንም ክፍት የሆነ የፕሮግራሚንግ ውድድር ያዘጋጃል፤ ሦስት ሦስት ሆነው፣ አንድ ኮምፒውተር ተካፍለው፣ ስምንት ጥያቄ። አሸናፊው ቡድን ለአገር አቀፉ ውድድር አክራ ይሄዳል። ጥያቄ አውጪዋ ዴዴ ናት። ስምንተኛዋን ጥያቄ ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ ለማንም ሳታሳይ እንዳቆየቻት ክበቡ ሁሉ ያወራል።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ በክበቡ ክፍል ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ዴዴ ላፕቶፗ ላይ አፍጥጣለች።

«ምን ያፈዝሻል?»

«የዱሮ ኮድ። የዱሮ ኮድ የጻፈው ሰው እንኳ መልሶ አያውቀውም።» ተነሳች። «ዋኬ ልገዛ ነው፤ ላንተስ?»

«ለእኔም። ሺቶ ይብዛበት።»

«ያ የሚያቃጥል ድልህ ስሙ ሲጠራ ራሱ ጨጓራዬ ይነሳል። ላፕቶፔን እያት፣ ቻርሊ» አለችው፤ እዚያ አገር ወዳጅ ወዳጁን ቻርሊ ይለዋል።

እያት ብላው ሄደች፤ እሱም አያት።

የስምንተኛዋ ጥያቄ መልስ ስክሪኑ ላይ ተዘርግቷል። አርባ መስመር አይሞላም። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ለሚያስቀምጠው ቁጥር ሁሉ ስም ያወጣል፤ እዚህ ቁጥሮቹ ሩዝ፣ እንቁላል፣ ሺቶ ይባላሉ። ዴዴም ትቀልዳለች ለካ፣ ብሎ ፈገግ አለ። ከላይ እስከ ታች አንዴ አነበበው። ዋኬው ሲመጣ ሩዝና አደንጓሬውን ሳያጣጥም ዋጠው።

ቅዳሜ ውድድሩ ተጀመረ። ጥያቄ ለፈታ ቡድን ወንበሩ ላይ ፊኛ ይታሰርለታል፤ ለየጥያቄው ቀለሙ ይለያል። ሊያልቅ ግማሽ ሰዓት ሲቀር የስምንተኛዋ ፊኛ፣ ሐምራዊዋ፣ ማንም ወንበር ላይ አልነበረችም። ኤቦ ስምንተኛዋን አልነካም ብሎ ለራሱ ምሎ ነበር። ከኬፕ ኮስት የመጡ ሦስት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሴቶች እኩል ሲደርሱባቸው ግን የቡድን ጓደኛው ሴሎርም ጆሮው ላይ ተጠጋ።

«እናቴ ለአክራ ብላ ሸሚዜን ተኩሳ ሰቅላዋለች። ኋላ ማን ያወርደዋል?»

መሐላ ሲላላ ድምፅ የለውም። ኤቦ ኪቦርዱን ሳበ።

እጁ አልቆመም። ሐሙስ በደንብ ያላስተዋላቸውን መስመሮች እንኳ ጣቶቹ በራሳቸው ጻፏቸው።

«አንተ፣ ይሄን በሕልምህ ነው እንዴ ያጠናኸው?» አለ ሴሎርም።

ሐምራዊዋን ፊኛ ያሰረችላቸው ዴዴ ራሷ ናት። ክሩ ሁለቴ አመለጣት። ኤቦን ቀና ብላ አላየችውም።

አውቃለች፣ አለ በልቡ።

አሸነፉ። ሰው ሲያጨበጭብ ፊኛዋ ከራሱ በላይ ቆማ «ይሄ ነው» የምትል መሰለችው። የሴቶቹ ቡድን መሪ ደብተሯን ይዛ መጣች።

«ወንድም ኤቦ፣ ስምንተኛዋን እንዴት አሰብካት? እኛ ሁለት ሰዓት ታገልናት።»

«ኋላ... ኋላ አስረዳሻለሁ።»

ልጅቱ ደብተሯን አልዘጋችም። እርሳሷን እንደያዘች ቆማ ጠበቀችው። ሽልማቱን የቻለው ኤቦ ይህችን እርሳስ አልቻላትም።

ዴዴን ኮሪደሩ ላይ የተረፉትን ፊኛዎች ስታስተነፍስ አገኛት።

«በድዬሻለሁ» አላት። «ሐሙስ አየሁት። መልሱ የኔ አይደለም፤ ያንቺ ነው። ገብቼ ለሁሉም እናገራለሁ። ድሉ ለልጆቹ ይሰጣቸው። ሴሎርም ምንም አያውቅም፣ እሱን እንዳትቀየሚው።»

ትሰድበኛለች ብሎ አንገቱን ደፋ። ስድቡ አልመጣም። ቀና ሲል የዴዴ እንባ አገጯ ላይ ደርሷል።

«ኤቦ፣» አለችው፣ «እኔ ለቁጥር ሺቶ ብዬ ስም አወጣለሁ? ያ የጠፋብህ ፍላሽ እኔ ጋ ነው።»