ጥቀርሻ የጠጣው ክዳን

«ከሥሩ ገለል በይ፤ ጥቀርሻ ነው የሚዘንብብሽ» ይለኛል ሩበን ታፕስኮት ከመሰላሉ ላይ።

ገለል አልልም። ከእጁ የወደቀውን የስንዴ አገዳ አነሣለሁ። እንደ ከሰል ጠቁሯል፤ ዛላው ግን ከነፍሬው አለ።

«ይቁም» እላለሁ።

ቤት ከዳኙ መንሹን ክዳኑ ላይ ሰክቶ ይመለከተኛል። ከአያቱ ጀምሮ የኔዘርኩም መንደርን አምስት ቤቶች ሲከድን የኖረ ቤተሰብ ልጅ ነው። እኔ የወረዳው የጥንት ቤቶች ተቆጣጣሪ ከሆንሁ ገና ሁለት ወር አልሞላኝም።

«የፊት ለፊቱ ክዳንስ?» እለዋለሁ።

«ባለፈው ሳምንት ነቅዬ አቃጠልኩት። ከዚያ በአዲስ ከደንኩት።» ዐይኑን አይሰብርም። «አባቴ ቢሆን በላዩ ይደርብበት ነበር እንጂ አይነካውም። የመድን ሰዎች ግን ዝናብ ስለገባ እስከ ማገሩ ንቀል ብለው ጻፉ። ነቀልኩ።»

ጥቀርሻው ጢስ ማውጫ ባልነበረበት ዘመን በቤቱ መካከል ይነድ ከነበረ እሳት የወጣ ነው። አዲስ ክዳን እየተደረበበት አምስት መቶ ዓመት ከሥር ተደብቆ ኖሯል። ሕጉ ግልጽ ነው፦ እንዲህ ያለ ነገር የሚነቀል ከሆነ አስቀድሞ ሥራው ይታገዳል፤ መርማሪም ይጠራል። የማገጃውን ወረቀት ከቦርሳዬ አወጣለሁ።

የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ሄስተር ላስኮም ሁለት ኩባያ ሻይ ይዘው ሲወጡ ወረቀቱን ያዩታል።

«ስንት ቀን ነው የሚቆመው፣ ልጄ?»

«ስድስት ሳምንት። ምናልባት ስምንት።»

ኩባያዎቹን አንድ በአንድ የመስኮቱ ደፍ ላይ ያስቀምጣሉ። «ክላረንስን ዓርብ ያመጡልኛል። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ የምናደርግለት የለም አሉ። እሱም ቤቴ ልሙት አለ፤ የተወለደው እዚሁ ክፍል ውስጥ ነው።» እጃቸውን በሽርጣቸው ይጠርጋሉ። «ባሌ ስድስት ሳምንት የለውም።»

በትምህርት ላይ ሳለሁ የጥንት ቤት የሚጠበቀው ለሚመጡት ሰዎች ነው ብዬ ጽፌ ነበር። ስለሚሄዱት አንድ መስመር አልጻፍሁም።

«ሩበን፣ መሰላሉን ያዝልኝ።»

«በዚህ ጫማ?»

«በዚህ ጫማ።»

ወጥቼ እጄን እስከ ክርኔ ወደ ጥቁሩ አገዳ እሰድዳለሁ። ደረቅ ነው። ሌላ ቦታ እሞክራለሁ፤ ያም ደረቅ ነው። ዝናቡ የገባው በፊት ለፊቱ በኩል ብቻ ነበር።

«የቀረውን ሳትነቅል በላዩ ብትደርብስ? እንደ አባትህ?»

ሩበን ጢሙን ያሻል። «ሦስት ቀን ይበቃኛል፤ ሐሙስ ያልቃል። ግን ይጎብጣል። ፊቱ እንደ ጠረጴዛ ተስተካክሎ ጀርባው ጎባጣ የሆነ ቤት የታፕስኮት ሥራ ነው ብዬ ለሰው ላሳይ?»

«ክላረንስም ጎባጣ ነው» ይላሉ ወይዘሮ ሄስተር። «እኔ ስድሳ ዓመት ለሰው አሳይቼዋለሁ።»

ካልተነቀለ የሚጠፋ የለም፤ የሚጠፋ ከሌለም የሚታገድ ሥራ የለም። ወረቀቱን እዚያው መሰላሉ ላይ ገልብጬ በጀርባው እጽፋለሁ፦ ጥቁሩ ክዳን አይነካ፤ በላዩ ይደረብ፤ ሥራው ይቀጥል። የመድን ሰዎች ጥያቄ ካላቸው እኔን ይጠይቁ ብዬ እፈርማለሁ።

ከዚያ ሦስታችንም ወደ ክፍሉ እንገባለን። የረጠበው ኮርኒስ ተነሥቷል፤ በአንዱ ወገን ወርቃማው አዲስ ክዳን፣ በሌላው ወገን ጥቁሩ፣ ከነወራጁ ይታያል። አልጋው ያለው ከአዲሱ ሥር ነው።

ወይዘሮ ሄስተር ወደ ላይ አንጋጠው ረጅም ጊዜ ያያሉ። «ክላረንስ ዕድሜ ልኩን ከሥሩ ሲተኛ ኮርኒሱ ሸፍኖት አንድ ቀን አላየውም። በሉ፣ አልጋውን ወደዚያ እናድርገው።»

እኔና ሩበን አልጋውን ወደ ጥቁሩ ክዳን ሥር እንገፋለን። እሳቸውን ግን ቦታው አላማራቸውም። ከነጫማቸው አልጋው ላይ ይወጡና ባላቸው በሚተኛበት በኩል ይጋደማሉ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ወደ ላይ ያያሉ።

«ትንሽ ወደ ግራ» ይላሉ።

አልጋውን ከነእሳቸው እንገፋዋለን።