መጀመሪያ የኔን ድገሚ

እናት ውኃ ጥዳ ሸሚዟን ትተኩሳለች። ዳቦ ጠብሳ የልጇን ድርሻ በሰሃን ከድናላታለች። ዜናው አልቆ ሬዲዮኑ ስለ አየሩ ሁኔታ ያወራል። ፋርማሲዋን ልትከፍት ከመውጣቷ በፊት ጠዋት ጠዋት የምታደርገው ይኸው ነው።

ልጅቷ ጸጉሯን ሳታበጥር፣ ስልኳን እንደያዘች ብቅ ትላለች።

«እማዬ፣ ትናንት ማታ የነገርኩሽን አሰብሽበት? ሥራ የሰጡኝ የግድቡ ሰዎች ዛሬ ጠዋት ቁርጡን ንገሪን ብለውኛል።»

«አይሆንም» ትላለች እናት፣ ካውያውን ከእጅጌው ላይ ሳታነሳ።

«እንዴ! እንዲሁ በደፈናው?»

«የአንድ ቀን ሙሉ መንገድ ነው። ከተመረቅሽ ገና ዓመት እንኳ...»

«ቆይ፣ ቆይ።» ልጅቷ ወንበር ስባ ትቀመጣለች። «ሕጉ የት ሄደ? መጀመሪያ የኔን ድገሚ።»

እናት ካውያውን ከሶኬቱ ትነቅላለች። ሕጉን ወደዚህ ቤት ያመጣችው ራሷ ናትና ማምለጫ የላትም። የተማረችው ኢየሱሳውያን ካህናት በሚያስተዳድሩት ትምህርት ቤት ነው። የክርክሩን ክፍለ ጊዜ የሚመሩት ካህን ተማሪው ሁሉ «አባ ድገመው» የሚላቸው ቀጭን ሰው ነበሩ። እሳቸው ክፍል ውስጥ ዘሎ መልስ መስጠት የለም። ተከራካሪው መጀመሪያ የባላጋራውን ሐሳብ፣ ያውም አሳምሮ፣ ይደግማል፤ ባለቤቱ «አዎ፣ የኔ ነው» እስኪል ድረስ የራሱን መናገር አይችልም። ካጣመመ ከኋላ ድምፃቸው ይመጣል፤ «ድገመው!»

ባሏን ያወቀችውም እዚያው፣ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ሲከራከራት ነው። ተኮራርፈው አድረው አያውቁም ማለት ውሸት ይሆናል። ሳይደማመጡ ግን አላደሩም።

«እሺ» ትላለች። «ሥራው የተማርሽው ነው። እዚህ ያለሽበት ቢሮ ግን ፋይል ከማመላለስ በቀር ያስያዘሽ ነገር የለም። እዚያ እጅሽን ታፍታቻለሽ።»

«ጥሩ። ቀጥዪ።»

«ማደሪያ ይሰጡሻል። ስትማሪ ያሳለፍሻቸው አምስት ዓመታት ውኃን ለመገደብ እንጂ ማኅተም ለመምታት አልነበሩም።»

ልጅቷ ትስቃለች። «ይቺን እንኳ አላልኩም! እማዬ፣ አንቺ ጠበቃ ብትሆኚ እኮ ለከሳሹ ተከራክረሽ ደንበኞችሽ ሁሉ እስር ቤት ነበሩ።»

«ሕጉ አሳምረሽ ነው የሚለው።»

«አሳምረሻል። ግን አልጨረስሽም።»

አልጨረሰችም። ትናንት ልጅቷ በመጨረሻ የተናገረችው አንድ ነገር አለ። እናት ያን እንደሰማች ነው ደክሞኛል ብላ ወደ መኝታዋ የሄደችው።

ውኃው ፈልቶ ክዳኑን ያንቀጠቅጣል። ሄዳ ታጠፋዋለች፤ ከምድጃው ግን ቶሎ አትመለስም። ጀርባዋን እንደሰጠች ትናገራለች።

«አባትሽ ከሞተ ወዲህ እኔ ዝም አልኩ፤ አንቺም ለእኔ ስትዪ ዝም አልሽ። ስትስቂ እንኳ መጀመሪያ ወደ እኔ ታያለሽ፣ ይፈቀድ እንደሆነ። እዚህ ከቆየሽ ሐዘኔን ወርሰሽ ትቀሪያለሽ።»

«እኔ ያልኩት ከዚህ ይለሰልስ ነበር።»

«ያንቺ ነው ወይስ አይደለም?»

ልጅቷ ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ትተክላለች። «አዎ፣ የኔ ነው።» ቀና ብላ፣ «በይ ተራው ያንቺ ነው። ተናገሪ፣ እደግምልሻለሁ።»

እናት ሌሊቱን ስትደረድረው ያደረችው መልስ ነበራት፤ መንገዱ፣ ሙቀቱ፣ የልጅቷ ዕድሜ። የልጇን ቃል በገዛ አፏ ከተናገረች በኋላ ግን አንዱም ውኃ አያነሳም። መርታትን ማንም መምህር ያስተምራል። አባ ድገመው ያስተማሯት መረታትን ነው። እሳቸው ባይኖሩ ኖሮ ይህችን ልጅ በአንድ «አይሆንም» ታስቀራት ነበር፤ ልጅቷም ደግ ናትና ትቀር ነበር። አባ ድገመውን ከልቧ ታመሰግናቸዋለች።

«የለኝም» ትላለች። «ደውዪላቸው፣ ልጄ።»

ልጅቷ ተነሥታ ትከሻዋን ስማት ወደ በረንዳው ትወጣለች። ድምጿ በመስኮቱ ይገባል፤ «አዎ... እመጣለሁ... ሰኞ»። እናት ካውያውን መልሳ ትሰካና እስኪግል ትጠብቃለች።

ከሰኞ ወዲያ በዚህ ቤት የሚከራከራት ሰው የለም።